ጥርት ያለው ውሃና የማይታየው መርዝ

 

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ጦሃራ ስንነጋገር ዑለማዎች ውሃን በሦስት ነገር እንደሚመዝኑት ገልጸን ነበር፤ በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ፈረንሳይ አገር የምትኖር አንዲት እህታችን ስልክ ደወለችልን። ጎረቤቷ ጓዴሎፕ ከምትባል ደሴት የመጣች ሴት ናት። የጎረቤቷ ወላጆች እዚያው ደሴቲቱ ላይ ይኖራሉ፤ የቧንቧቸውን ውሃ እንዳይጠጡ ተነግሯቸዋል። «ውሃው ግን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም፤ ጣዕሙም ያው የውሃ ጣዕም ነው። ታዲያ መርዙ የት አለ? ደግሞስ ቢፈላ አይጠራም ወይ?» አለችን።

በእርግጥ ጥያቄው ያልጠበቅነው ነበር። መልሱን ለመስጠት ጥቂት ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ ግድ ሆነብን። ያገኘነው ነገር ለአንዲት እህት ብቻ በስልክ ተነግሮ የሚቀር ስላልመሰለን የዛሬውን ጊዜያችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድትይዙልን እንለምናለን።

የማፍላቱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ማፍላት ጀርምን ይገድላል። ይህን መርዝ ግን አይገድለውም፤ መርዙ ሕይወት ያለው ነገር አይደለምና። እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት እየቀነሰ ሲሄድ በቀረው ውሃ ውስጥ የመርዙ ድርሻ ትንሽም ቢሆን ከፍ ይላል። ስለዚህ ጎረቤትሽ ለወላጆቿ «አፍልታችሁ ጠጡ» ብላ እንዳትነግራቸው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ጓዴሎፕ በካሪቢያን ባሕር የምትገኝ የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ ከ350 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ዋናው መሬቷ ክንፎቿን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። የምዕራቡ ክንፍ ባስ-ቴር ይባላል፤ ተራራማና ዝናባም ነው፤ 1,467 ሜትር ከፍታ ያለው ሱፍሪየር የሚባል እሳተ ገሞራ ያለውም እዚያ ነው። የምሥራቁ ክንፍ ግራንድ-ቴር ዝቅተኛ፣ በኖራ ድንጋይ ላይ ያረፈና ደረቅ ነው። ስለዚህም የደሴቲቱ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ አብዛኛው ከምዕራቡ ተራራ ምንጮችና ወንዞች ተነስቶ በረጅም ቧንቧ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሌ ሴንት የሚባሉት ትናንሾቹ ደሴቶች ደግሞ ከዚያው ተራራ የሚመጣውን ውሃ የሚያገኙት በባሕር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ነው። የአንዱ ተራራ ውሃ ተበከለ ማለት እንግዲህ የሁሉም ቤት ተነካ ማለት ነው።

በዚያው ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ የሙዝ እርሻ አለ። የሙዝ ትልቁ ጠላት ደግሞ እኛ ነቀዝ ከምንለው ጋር የሚዛመድ ጥቁር ጥንዚዛ ነው፤ እጩ ከመሬት ሥር የተክሉን እግር እየቦረቦረ ይበላዋል፤ ነፋስ ሲመጣ ተክሉ ይወድቃል። ይህን ጥንዚዛ ለመግደል ክሎርዴኮን የተባለ ነጭ ዱቄት መጣ። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ የተፈለሰፈ ሲሆን እዚያ የሚሸጠው ኬፖን በሚል ስም ነበር። በፈረንሳይ ደሴቶች፣ ማለትም በጓዴሎፕና በማርቲኒክ፣ በ1972 ጊዜያዊ ፈቃድ አገኘ። ሠራተኞቹ ዱቄቱን በእያንዳንዱ የሙዝ ተክል እግር ዙሪያ ይበትኑ ነበር፤ ብዙዎቹም ጓንት እንኳ ሳይኖራቸው በባዶ እጃቸው።

እዚህ ላይ ልባችንን የነካውን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1974 መጀመሪያ የማርቲኒክ የሙዝ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ደመወዝ ሲሆን ሌላው ደግሞ የሚበትኗቸው መርዛማ ኬሚካሎች እንዲቀሩላቸው ነበር። ምላሹ ጥይት ሆነ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ያልተማሩ የተባሉት ገበሬዎች በእጃቸውና በዐይናቸው ያወቁትን፣ የተማሩት ሰዎች በወረቀት ለማመን ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው።

ማስረጃውም ቢሆን ጠፍቶ አይደለም። በ1975 አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ግዛት ሆፕዌል በምትባል ከተማ ይህንኑ ኬሚካል የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ሠራተኞቹ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዐይናቸው አላረፈም፤ ክብደታቸው ቀነሰ። አንድ የአካባቢው ሐኪም የአንድ ሠራተኛ ደም ወስዶ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ። ከተመረመሩት 133 ሠራተኞች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በቁጥር 76ቱ፣ ታመው ተገኙ። ዝቃጩ የፈሰሰበት የጄምስ ወንዝ ደግሞ ለዓሣ ማጥመድ ተዘጋ፤ እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1988 ነው። በ1979 ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ድርጅት ክሎርዴኮንን ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች ጎራ መደበው።

እዚያ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በደሴቶቹ ላይ ዱቄቱ መበተኑን ቀጠለ። በ1979 እና በ1980 ዴቪድና አለን የተባሉ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች የሙዙን እርሻ ጠራረጉት፤ ጥንዚዛውም በወደቀው ግንድ ላይ ተራባ። በዚህን ጊዜ ብራዚል ውስጥ ተመርቶ ኩርሎን በሚል አዲስ ስም የመጣው ያው ዱቄት በ1981 ፈቃድ ተሰጠው። ስሙ ተለወጠ፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ፈረንሳይ ፈቃዱን ያነሳችው በ1990 ነው። ለደሴቶቹ ግን «በእጃችን ያለው ይለቅ» በሚል የተለየ ፈቃድ እየተራዘመ እስከ 1993 ድረስ ተሠራበት። በጠቅላላው በሁለቱ ደሴቶች አፈር ላይ 300 ቶን ያህል ንጹሕ ክሎርዴኮን እንደተበተነ ይገመታል።

ታዲያ ከ1993 በኋላ ለምን አልጠፋም? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሎርዴኮን አሥር የካርቦንና አሥር የክሎሪን አቶሞች እንደ ቁልፍ ሣጥን ተያይዘው የሠሩት ነገር ነው። ፀሐይም፣ ዝናብም፣ የአፈር ባክቴሪያም ይህን ሣጥን በቀላሉ አይፈቱትም። ደግሞም የእሳተ ገሞራ አፈር በብስባሽ የበለጸገ ስለሆነ መርዙን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያስቀምጠዋል። አፈሩ አይለቀውም፤ ጨርሶም አይዘው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱን ወደ ምንጩ ያንጠባጥባል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ስሌት፣ እንደ አፈሩ ዓይነት፣ ዝናብ ብቻ አፈሩን አጥቦ እስኪጨርሰው ድረስ ከ60 ዓመት እስከ 700 ዓመት ሊወስድ ይችላል ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ሌሎች ተመራማሪዎች ጊዜው በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነው እንጂ ያን ያህል አይረዝምም ብለዋል። የትኛውም ቢሆን በዛሬ አባቶች ዕድሜ የሚያልቅ አይደለም።

ከሁሉ ያስገረመን ደግሞ ሙዙ ራሱ ንጹሕ መሆኑ ነው። መርዙ በግንዱ አልፎ እስከ ፍሬው አይወጣም። ለሙዝ ተብሎ የተበተነው መርዝ ሙዙን ትቶ በአፈር ሥር የሚበቅሉትን ያዘ፤ ስኳር ድንችን፣ ቦዬን፣ ጎደሬን፣ ካሮትን። ሙዙ ወደ አውሮፓ ገበያ ተጫነ፤ መርዙ ለአገሬው ሰው ጓሮ ቀረለት።

እሺ፣ ውሃውስ? ተመራማሪዎች ገና በ1977 እና በ1980 በጓዴሎፕ አፈር፣ ወንዝና እንስሳት ላይ የዚህ ዓይነት ኬሚካሎችን አግኝተው ጽፈዋል። ጽሑፋቸው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የቧንቧውን ውሃ ይመረምሩ የነበሩት ሰዎችም ክሎርዴኮንን አልፈለጉትም፤ ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም። በ1998 ከፈረንሳይ የተላኩ ተቆጣጣሪዎች «ውሃችሁን በደንብ መርምሩ» ብለው አሳሰቡ። በ1999 የጤና ጽሕፈት ቤቱ የውሃ ናሙና ወስዶ፣ ይህን መርዝ ለይቶ ማየት ወደሚችል ላቦራቶሪ ላከ። በባስ-ቴር ደቡብ ያሉ አንዳንድ ምንጮች ከሚፈቀደው መጠን አሥርና ከዚያም በላይ እጥፍ፣ አንዳንዶቹም እስከ መቶ እጥፍ ገደማ ተበክለው ተገኙ። ሰዉ ከነዚህ ምንጮች ለዓመታት ሲጠጣ ኖሯል።

የሚፈቀደው መጠን ምን ያህል ነው ለምትሉ፣ በአውሮፓ ሕግ ለአንድ ፀረ-ተባይ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ 0.1 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ነገሩን በዐይነ ኅሊና ለማየት እንዲቀል እንዲህ እናስበው፦ የሻይ ማንኪያ ጫፍ የምታህል አንድ ግራም ክሎርዴኮን 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ከወሰኑ ላይ ታደርሰዋለች። ሃምሳ ሺህ ባለ 200 ሊትር በርሜል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ምላስም አፍንጫም ሊያውቀው አይችልም።

በዚህ ጊዜ የውሃ ኃላፊዎቹ ፊት ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ምንጩን ጥሎ መተው ነው፤ በጣም የተበከሉት ምንጮች ከመሥመር ወጡ። ሁለተኛው ውሃውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ሙዝ የሚተከለው እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ከጫካው የሚቀዳው ውሃ ንጹሕ ነው፤ ከርሱ ወደ ታች ቧንቧ መዘርጋትና መሥመሮቹን እርስ በርስ ማገናኘት ይቻላል። ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለናል፤ መርዝን ከማጣራት መርዝ የሌለበትን መቅዳት ይቀላልና። ነገር ግን የላይኛው ውሃ ለሁሉም አይበቃም፤ በበጋም ይቀንሳል። ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ የግድ ሆነ፤ ከሰል።

ከሰል ስንል ቡና የምናፈላበትን ማለታችን አይደለም፤ ዘመዱ ግን ነው። ከእንጨት፣ ከኮኮናት ቅርፊት ወይም ከድንጋይ ከሰል ተሠርቶ በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ውስጡ እንዲቦረቦር ይደረጋል። ከዚህ የተነሳ የአንድ ግራም ከሰል ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ በብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይለካል። ውሃው በትልቅ ጋን በተሞላ የከሰል ጠጠር መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ክሎርዴኮኑ ውሃውን ትቶ በከሰሉ ላይ ይለጠፋል። መርዙ በተፈጥሮው ውሃን የሚሸሽና በካርቦን ላይ መጣበቅ የሚወድ በመሆኑ ዘዴው በሚገባ ይሠራል። የተራራው ውሃ ቀድሞ ንጹሕ ነው ስለሚባል ብዙዎቹ ጣቢያዎች ክሎሪን ብቻ ነበር የሚጨምሩበት፤ ከ1999 በኋላ ግን የከሰል ማጣሪያ በጥድፊያ ተተከለላቸው፤ ውሃውም ከወሰኑ በታች ወረደ። አፈሩን ለማጽዳት ትውልድ የማይበቃውን ነገር ከቧንቧው ላይ ለማስወገድ ወራት በቁ። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም፤ የሠሩትንም ሰዎች ማመስገን ይገባል።

ነገር ግን ከሰል ይጠግባል። አድማጮቻችን ሆይ፣ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ይህች ናት። ስፖንጅ ሲሞላ መምጠጥ እንደሚያቆም ሁሉ፣ ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ ከሰሉ መርዙን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ጋኑ ያው ጋን ነው፤ ውሃውም ያው ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ከሰሉ መጥገቡን የሚነግር ደወል የለም። ማወቂያው አንድ ብቻ ነው፤ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ውሃ እየቀዱ በተወሰነ ጊዜ መመርመር። ከመጥገቡ በፊት ደግሞ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መሙላት፤ አሮጌውንም በየሜዳው ሳይጥሉ በከፍተኛ ሙቀት ወደሚታደስበት ወይም ወደሚቃጠልበት መላክ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጭነት ነው፤ የታመነ ሠራተኛ ነው። በየዓመቱ፣ ለአሥርት ዓመታት፣ ሳያቋርጥ።

ጓዴሎፕ ደግሞ በውሃ አገልግሎቷ የታደለች አይደለችም። ቧንቧዎቹ አርጅተዋል፤ ከተጣራው ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይፈሳል። ሰፈሮች በፈረቃ ነው ውሃ የሚያገኙት። የቀድሞው ዋና የውሃ ድርጅት በዕዳ ተውጦ በ2021 ፈርሶ፣ በዚያው ዓመት ለደሴቲቱ በሙሉ አንድ አዲስ ድርጅት ተቋቋመ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከሰል በጊዜው መለወጥ ቀላል አይሆንም። ባለፉት ዓመታት በባስ-ቴር ደቡብ ባሉ ከተሞች የውሃው ክሎርዴኮን ከወሰን በላይ ሆኖ እየተገኘ «አትጠጡ» የሚል ማስታወቂያ የወጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ዘዴው ስላልታወቀ አይደለም፤ የታወቀው ዘዴ በጊዜው ስላልተሠራ ነው። የእህታችን ጎረቤት ወላጆችም የገጠማቸው ይኸው ይመስለናል።

ሁኔታው የሚያሳዝን ሌላም ገጽ አለው። ሰዉ አንዴ «ውሃችሁ መርዝ አለበት» ከተባለ በኋላ «አሁን ንጹሕ ነው» ሲባል አያምንም። ውሃው በእርግጥ ንጹሕ በሆነባቸው ሰፈሮችም አቅም ያለው የታሸገ ውሃ ይገዛል። አቅም የሌለው ደግሞ እየፈራ ይጠጣል። ለውሃ ሒሳብ ከፍሎ፣ ለታሸገ ውሃ ደግሞ መክፈል! መርዙን ያመጣውና የፈቀደው አካል ሳይሆን በመርዙ የተጎዳው ሰው ሁለት ጊዜ ሲከፍል እናያለን።

እናቶችና አባቶች ሊፈሩ ይገባል ወይ? በ2013 እና በ2014 በተደረገ የደም ምርመራ በጓዴሎፕ ከመቶ 95፣ በማርቲኒክ ከመቶ 92 በሚሆኑ ጎልማሶች ደም ውስጥ ክሎርዴኮን ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ታሟል ማለት አይደለም፤ የፈረንሳይ የምግብና የአካባቢ ጤና ባለሥልጣን ኋላ ላይ ባወጣው የደም ወሰን መሠረት ከዚያ ያለፉት በጓዴሎፕ ከመቶ 14፣ በማርቲኒክ ከመቶ 25 ናቸው። በ2010 የታተመ የጓዴሎፕ ጥናት በደማቸው ብዙ መርዝ ያለባቸው ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በእናቶችና ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ያለ ጊዜ ከመውለድና ከልጆች እድገት ጋር ግንኙነት አግኝቷል። በእርሻ ሥራቸው ለፀረ-ተባይ ተጋልጠው በፕሮስቴት ካንሰር ለተያዙ ሰዎች በ2021 መጨረሻ በሽታው ከሥራ የመጣ ሕመም ሆኖ በሕግ ታውቆላቸዋል።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ የሰው አካል እንደ አፈሩ አለመሆኑ ነው። የሆፕዌል ሠራተኞች ሲመረመሩ እንደታየው፣ መርዙ መግባቱን ሲያቆም በደም ውስጥ ያለው በግምት በ165 ቀን ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያም የቀረው ግማሽ እንዲሁ እያለ ይሄዳል። ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ምግብ ያገኘ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሸክሙ አብዛኛውን ይጥላል። ስለዚህ «አንዴ ገብቷል፤ ምን ዋጋ አለው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ጦሃራው ጥያቄ እንመለስ፤ እህታችን ነገሩን ያነሳችው ከዚያ ተነስታ ነውና። በዚህ ውሃ ውዱእ ማድረግ ይቻላል ወይ? እንደሚመስለን ይቻላል። መርዝ መሆን ነጃሳ መሆን ማለት አይደለም፤ ሦስቱም የውሃ ባሕርያት አልተለወጡም፤ ውሃው አሁንም ውሃ ይባላል። የደሴቲቱ የጤና ኃላፊዎችም ወሰኑ ሲታለፍ የሚከለክሉት መጠጣትንና ምግብ መሥራትን እንጂ መታጠብን አይደለም። መጠጣቱ ግን ሌላ ሚዛን አለው። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም በሸሪዓችን የተከለከለ ነው፤ ጎጂነቱ በዐዋቂዎች የተረጋገጠውን ነገር «ለውዱእ ከበቃ ለመጠጥም ይበቃል» ማለት አይቻልም። የቀደሙት ፉቀሃዎች በዘመናቸው በነበራቸው መሣሪያ፣ በዐይንና በምላስ፣ ውሃን መዝነዋል። ዛሬ የላቦራቶሪ ሰው የሚናገረው ምስክርነት ነው፤ ታማኝ ምስክር ሲናገር ደግሞ ዳኛ ይሰማል። በዚህ ላይ ከኛ የተሻለ የሚያውቁ ዑለማዎች የተለየ ነገር ካላቸው ለመስማት ዝግጁ ነን።

የፍርድ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ደሴቶቹ ላይ የተደረገውን በአጭሩ እንንገራችሁ። በ2006 ማኅበራት በወንጀል ክስ አቀረቡ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በጥር 2023 የፓሪስ መርማሪ ዳኞች፣ ነገሩ የጤና ቅሌት መሆኑን ሳይክዱ፣ ጊዜው አልፏል፣ ማስረጃውም አስቸጋሪ ነው በሚል መዝገቡን ዘጉት። በመጋቢት 2025 ደግሞ የፓሪስ የአስተዳደር ይግባኝ ፍርድ ቤት መንግሥት ጥፋት መፈጸሙን አረጋግጦ፣ በዚህ መርዝ ምክንያት በጭንቀት መኖራቸውን ማስረዳት ለቻሉ ሰዎች ካሣ እንዲከፈል ወሰነ።

አንዳንድ አድማጮቻችን «ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። በ2009 ክሎርዴኮን የተጨመረበት የስቶክሆልም ስምምነት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ውል አገራችን ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። በዚያው ውል ውስጥ ለወባ ትንኝ ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት የተባለ ዲዲቲ አለ። ይኸው ለቤት ግድግዳ የተባለ መድኃኒት ሾልኮ ጫት ማሳ ላይ መነስነሱን፣ በጫት ቅጠል ላይም መገኘቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ጫት የሚቅሙ ወንድሞቻችን ቅጠሉን ታጥቦ እንኳ ሳያዩት እንደሚቅሙት እናውቃለን፤ ስለ ጫት ያለንን ነገር ግን ለሌላ ቀን እናቆየው።

እኛም ራሳችን በልጅነታችን በመድረሳ ሳለን፣ ለውዱእ ውሃ የምናመላልስባት አንዲት ሰማያዊ ጀሪካን ነበረች። ክዳኗ ጠፍቶ በጨርቅ ትወተፍ ነበር። ጎኗ ላይ የተላጠ ወረቀት ነበረ፤ ከወረቀቱ የቀረው የራስ ቅልና የሁለት አጥንት ሥዕል ነው። እኛ ልጆቹ በሥዕሉ እንሳሳቅ ነበር። ውሃውን በርሷ ቀድተን እንጠጣም ነበር፤ ማንም አልከለከለንም፤ የሚከለክለን ሰው ሥዕሉ ምን እንደሚል አያውቅምና። ዛሬም በገበያ እንዲህ ያሉ ጀሪካኖች ታጥበው ሲሸጡ እናያለን። ታጥቦ የማይለቅ ነገር አለ፤ የገዛችኋት ጀሪካን ቀድሞ ምን እንደያዘች የማታውቁ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ አታድርጓት።

ከደሴቲቱ አንድ ነገር ይቀረናል። መርዙ ከታገደ በኋላ ገበሬዎቹ አረም ለማጥፋት ግሊፎሴት የሚባለውን መድኃኒት በብዛት መጠቀም ጀመሩ። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አረሙ ሲደርቅ አፈሩ ራቁቱን ቀረ፤ ዝናቡም አፈሩን እያጠበ ተቀብሮ የነበረውን ክሎርዴኮን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። አንዱ መድኃኒት የሌላውን መርዝ ቀሰቀሰው ማለት ነው። ስለዚህ ውሃን መጠበቅ ከማጣሪያው ጋን አይጀምርም፤ ከምንጩ በላይ ያለው መሬት በሣርና በዛፍ ተሸፍኖ መቆየቱም የውሃው ሥራ አካል ነው።

እህታችን ሆይ፣ እንግዲህ ለጎረቤትሽ ይህን አድርሽልን። ወላጆቿ ማስታወቂያው እስኪነሳ ድረስ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለቡናና ለሕፃን ወተት የሚሆነውን ውሃ ከታሸገው ወይም በቦቴ ከሚታደለው ይውሰዱ፤ ለመታጠቢያና ለልብስ የቧንቧውን ይጠቀሙ። ቤት ውስጥ የሚቀመጡ ትናንሽ የከሰል ማጣሪያዎችም ይጠግባሉ፤ መርማሪ በሌለበት በነርሱ መተማመን አይገባም። ማስታወቂያው ከተነሳ በኋላ ደግሞ የቧንቧውን ውሃ ያለ ፍርሃት ይጠጡ፤ ዛሬ በደሴቲቱ አብዛኛው መርዝ ወደ ሰው አካል የሚገባው ከውሃው ሳይሆን ከምግቡ ነውና። የጤና ባለሙያዎቹ አፈሩ ካልታወቀ ጓሮ የተነቀለ የሥራ ሥር ምግብ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይበላ፣ ሲላጥም ልጣጩ ወፈር ተደርጎ እንዲላጥ ይመክራሉ። ከተከለከሉ ወንዞችና የባሕር ዳርቻዎች የተያዘ ዓሣና የወንዝ ሽሪምፕ ይቅርባቸው፤ በጓሮ የምትጭር ዶሮ እንቁላልም እንደ አፈሩ ነው። ለቤት ጓሮ አፈር ያለ ክፍያ ምርመራ የሚያደርግ ፕሮግራም እዚያው ደሴቲቱ ላይ አለ። እናቷ ጎደሬ የሚተክሉበት መሬት ካላቸው፣ አንዲት ከረጢት አፈር ወስደው ይመዘገቡ። ውጤቱ ሲመጣ ደውይልን፤ መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ከጎረቤትሽ ጋር አብረን ደስ ይለናል።